ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ? የሜክሲኮዋ የፊልም ዲሬክተር የማቲልዴ ላንዴታ ታሪክ

አዲስ አበባን የረገጠ ሁሉ ሜክሲኮ አደባባይን ያውቃል። አውቶቡስ የጠበቅንበት፣ ሰው የቀጠርንበት፣ ስንቱን ክረምት ጥግ ይዘን ያሳለፍንበት ሥፍራ ነው። ስሙ ከየት እንደ መጣ ግን ስንቶቻችን ጠይቀናል? ፋሽስት ኢጣልያ በ1935 ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ፣ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ወረራውን ከተቃወሙትና ኋላም ኢትዮጵያ የኢጣልያ ግዛት መባሏን አንቀበልም ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። ውለታው ባለመረሳቱ በአዲስ አበባ የሜክሲኮ አደባባይ፣ በሜክሲኮ ከተማም የኢትዮጵያ አደባባይ ተሰየመ። ስለዚያች አገር ያለን ዕውቀት ግን ከአደባባዩ ስም ብዙም አይዘልም። ስለዚህ ዛሬ ከዚያው አገር የአንዲት ሴት ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ዓመቱ ሁሉ የተቆጠረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አባቶቻችን «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ይላሉ። ይህን ተረት በየቤቱና በየሸንጎው ሲጠቀስ ሰምተነዋል። ተናጋሪው እንደ ተፈጥሮ ሕግ አድርጎ ነው የሚያቀርበው። ውሃ ወደ ቁልቁለት እንደሚፈስ ሁሉ የሴት ዕውቀትም መድረሻው የወንድ እጅ ነው ማለቱ ነው። እኛ ግን አንድ ነገር እንጠይቃለን። ነገሩ በወንድ የሚያልቀው በራሱ ጊዜ ነው ወይስ የሚጨርሱት እጆች አሉ? እጆች ካሉስ የማን ናቸው? የማቲልዴ ላንዴታ ሕይወት ለዚህ ጥያቄ ቁልጭ ያለ መልስ ይሰጣል።

ልጅነትና ዘመኑ

ማቲልዴ ላንዴታ የተወለደችው በ1910ዎቹ መጀመሪያ በሜክሲኮ ከተማ ነው። ዘመኑ የእሳት ዘመን ነበር። ፖርፊርዮ ዲያስ የተባለው አምባገነን አገሪቱን ለረጅም ዓመታት ሲገዛ ኖሮ በ1910 አብዮት ተነሣበት። በሞሬሎስ በኩል ኤሚልያኖ ሳፓታ፣ መሬታቸውን ለሸንኮራ አገዳ ባለርስቶች የተነጠቁትን ገበሬዎች አስከትሎ መሬታችን ይመለስ እያለ ዘመተ። በዚያ ጦርነት ሴቶች ስንቅ ተሸክመው፣ ልጅ አዝለው፣ ጠመንጃም አንግተው ተከትለዋል። ከመካከላቸው ጦር እስከ መምራት የደረሱ ነበሩ። አንባቢ ይህን ነገር በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ማቲልዴ እናቷን በሕፃንነቷ ስላጣች ሳን ሉዊስ ፖቶሲ በምትባል ከተማ ከአያቷ ዘንድ አደገች። ወንድሟ ኤድዋርዶ ተዋናይ ሆነ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ማቲልዴ እሱ ወደሚሠራበት ስቱዲዮ ብቅ ባለች ጊዜ ካሜራውን፣ መብራቱን፣ የሰዉን ሩጫ አየችና ልቧ እዚያው ቀረ። የሜክሲኮ ሲኒማ ድምፅ ማሰማት የጀመረው በዚያው ሰሞን ነበር፤ ሥራው ሰው ይፈልጋል።

ማቲልዴ በሜክሲኮ ፊልም የሠራች የመጀመሪያዋ ሴት አልነበረችም። ተዋናይቱ ሚሚ ዴርባ በ1917 ኤንሪኬ ሮሳስ ከተባለ የካሜራ ሰው ጋር የፊልም ኩባንያ አቋቁማ ነበር። ጋዜጠኛና ተዋናይ የነበረችው አዴላ ሴኬይሮ ደግሞ በ1937 «የማንም ያልሆነችው ሴት» የሚል ትርጉም ያለውን ፊልም ጽፋ፣ ተውናና መርታ አቀረበች። በማግሥቱ ዓመት አንድ ፊልም ጨመረች። ከዚያ በኋላ ግን በሩ ተዘጋባት፤ ወደ ጋዜጠኝነቷ ተመለሰች። እንግዲህ ማቲልዴ ስትመጣ ከፊቷ የነበሩት ዱካዎች ሁሉ ጥቂት ተራምደው የቆሙ ነበሩ።

ደብተር ያዥዋ

በስቱዲዮው ለሴት ከተፈቀዱት ጥቂት ሥራዎች አንዱ የቀረጻ መዝጋቢነት ነው። ሥራው ምንድን ነው? ፊልም እንደምናየው በቅደም ተከተል አይቀረጽም። የሠርጉ ዕለት ዛሬ ይቀረጽና መተጫጨቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሊቀረጽ ይችላል። ሰውዬው ከውጭ በር ሲከፍት ሰኞ ይነሣል፤ ወደ ክፍሉ ሲገባ የሚታየው ደግሞ በሌላ ሳምንት፣ በሌላ ቦታ ይነሣል። ታዲያ ባርኔጣው በየትኛው እጁ ነበር? ሲጋራው ስንት ጣት ያህል ቀርቶት ነበር? የሴትዮዋ ሻሽ ወደ ግራ ነበር ወይስ ወደ ቀኝ የታሰረው? ትዕይንቱ ስንት ሴኮንድ ፈጀ? ይህን ሁሉ የሚጽፍና የሚያስታውስ አንድ ሰው ያስፈልጋል። መዝጋቢው ከተሳሳተ ፊልሙ ሲገጣጠም አይያያዝም፤ ተመልካችም ይስቃል።

ማቲልዴ በዚህ ሥራ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይታ ወደ 75 በሚጠጉ ፊልሞች ላይ ደብተር ያዘች። ከዘመኑ ስመ ጥር ዲሬክተሮች፣ ከነኤሚልዮ ፈርናንዴስና ከነሁልዮ ብራቾ ጎን ተቀመጠች። ዲሬክተሩ የሚያየውን ሁሉ ታያለች፤ እሱ የሚረሳውንም ታስታውሳለች። ስሙ ግን የእሱ ነው። በእጃችን የሌላውን ድርሰት የገለበጥን ሰዎች ይህ ይገባናል። ቃል በቃል የገለበጠ ሰው ደራሲው የት ላይ እንደ ደከመ፣ የት ላይ እንደ በረታ ከማንም በላይ ያውቃል። ገልባጩን ግን እስቲ አንተስ ምን ትላለህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ለማቲልዴ ደብተሩ ዩኒቨርሲቲዋ ሆነ። ደመወዝ እየተከፈላት ተማረች፤ የተማረችውን የምትሠራበት ቦታ ግን አልተሰጣትም።

ያ ጊዜ የሜክሲኮ ሲኒማ ወርቃማ ዘመን የሚባለው ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሜክሲኮ ከቃል ኪዳን አገሮች ጎን በመሰለፏ ጥሬ ፊልም ከአሜሪካ እንደ ልብ ታገኝ ነበር። ሌሎች ሲቸገሩ የእሷ ስቱዲዮዎች ሌት ተቀን ሠሩ። ፊልሞቿም በስፓኒሽ ተናጋሪው ዓለም ሁሉ ታዩ። በነዚያ ፊልሞች ውስጥ ሴት በብዛት በሁለት መልክ ትቀርብ ነበር። ወይ የምታለቅስና ይቅር የምትል ቅድስት እናት ናት፣ ወይ በመሸታ ቤት የምትጨፍር የወደቀች ሴት። ማቲልዴ ይህን ከካሜራው አጠገብ ተቀምጣ ለዓመታት መዘገበች።

የጢሙ ነገር

ቀጣዩ ደረጃ ረዳት ዲሬክተርነት ነበር። ዕድገት የሚሰጠው በሙያ ማኅበሩ በኩል ሲሆን የማኅበሩ ወንዶች አንድ ማመካኛ ነበራቸው። ሴት በመቶ የሚቆጠር ሠራተኛና አጃቢ ተዋናይ ማዘዝ አትችልም፤ ማን ይሰማታል? አሉ። እሷ ራሷ ኋላ ስትተርከው፣ አንድ ቀን የወንድ ልብስ ለብሳ፣ አርቲፊሻል ጢም ለጥፋ ወደ ቀረጻው ቦታ ገባችና እንደ አዛዥ እየጮኸች ትእዛዝ ትሰጥ ጀመር። ችግሩ ጢም ከሆነ ይኸው ጢም ማለቷ ነበር።

ይህን ጨዋታ ሰምተን እንስቅ ይሆናል። ሳቁ ግን መራራ ነው። ዕውቀቷ ያው ዕውቀት፣ ድምፅዋ ያው ድምፅ ነው። የጎደለው በላይኛው ከንፈር ላይ የሚለጠፍ ጥቂት ጠጉር ብቻ ነበር። ብዙ ከተከራከረች በኋላ በ1945 ረዳት ዲሬክተርነቱን አገኘች፤ በዚህም ማዕረግ 14 ፊልሞች ሠራች። ስንት ወንድ መዝጋቢነቱንም ረዳትነቱንም በሩጫ አልፎ፣ ከነአካቴውም ሳይነካው ዲሬክተር ሆኗል። እሷ ዲሬክተር ልሁን ስትል ግን ዳግመኛ «አይሆንም» ተባለች። ገንዘብ የሚያወጣላት አንድም ባለሀብት አልተገኘም።

በዚህ ጊዜ ከወንድሟ ከኤድዋርዶ ጋር ሆና የራሷን ኩባንያ አቋቋመች፤ ያላትን ንብረት አስይዛ ተበደረች። በር የማይከፈትልህ ከሆነ ግድግዳውን ራስህ ሠርተህ በሩን ራስህ አብጅ እንደ ማለት ነው።

ሦስቱ ፊልሞች

የመጀመሪያው ፊልሟ «ሎላ ካሳኖቫ» በ1948 ተሠርቶ በ1949 ለሕዝብ ቀረበ። መነሻው የፍራንሲስኮ ሮሃስ ጎንሳሌስ ልብ ወለድ ነው። ሶኖራ በሚባለው በረሓማ ጠረፍ የሚነገር አንድ አሮጌ ታሪክ አለ። ሎላ የተባለች የነጭ ወገን ልጃገረድ በመንገድ ላይ ሴሪ በሚባሉ ጥንታውያን ነዋሪዎች እጅ ትወድቅና ኋላ ከእነርሱ ጋር ትኖራለች። ሌላ ዲሬክተር ቢሆን ምርኮኛይቱን የሚያስጥል ፈረሰኛ ይልክ ነበር። ማቲልዴ ግን ሎላ በፈቃዷ ከነሱ ጋር እንድትቀር አድርጋ፣ «አረመኔ» የተባለው ሕዝብ ሰው መሆኑን አሳየች። ፊልሙ ያለ ማስታወቂያ፣ በማይረባ ሰዓትና በማይረባ ሲኒማ ቤት ተጣለ ብላ ማቲልዴ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ትናገር ነበር።

ሁለተኛው በ1949 የተሠራው «ላ ኔግራ አንጉስቲያስ» ነው፤ ጥቁሯ አንጉስቲያስ ማለት ነው። ስሟ በቋንቋቸው ጭንቀት እንደ ማለት ነው። ይህም ከሮሃስ ጎንሳሌስ ልብ ወለድ የተወሰደ ሲሆን ደራሲው በ1944 ብሔራዊ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አግኝቶበታል። ቀደም ብለን አንባቢ በልቡ ይያዘው ያልነው ነገር እዚህ ይመጣል። አንጉስቲያስ ከአፍሪቃ በባርነት ከተጋዙት ወገኖች ዘር የምትወለድ ድኻ ልጅ ናት። አላገባም በማለቷ መንደርተኛው ይጠላታል፤ ይሰድባታል። ሊደፍራት የመጣውን ወንድ ገድላ ትሸሻለች። በመጨረሻም ከሳፓታ ገበሬዎች ጋር ተሰልፋ ኮሎኔል ትሆናለች። ወንዶችን ታዛለች፤ ይታዘዙላታልም። ጢምም አላስፈለጋት።

ኮሎኔሏ ግን ማንበብ አታውቅም። ፊደል እንዲያስቆጥራት አንድ የከተማ፣ የነጭ ወገን መምህር ይመጣል። ትወደዋለች። እሱ በቀለሟና በወገኗ ይንቃታል። በልብ ወለዱ ውስጥ ያቺ ኃይለኛ ሴት በመጨረሻ ለዚህ ሰው ተገዝታ፣ ትግሉን ትታ የቤት ሴት ሆና ትቀራለች። ልብ በሉ፤ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ማለት ይህ ነው! ማቲልዴ መጽሐፉን ወደ ፊልም ስትለውጥ ይህን መደምደሚያ አልተቀበለችም። በእሷ ፊልም አንጉስቲያስ ንቀቱን ከቀመሰች በኋላ እንባዋን ጠርጋ ወደ ጦሯ፣ ወደ ትግሉ ትመለሳለች። የተሸለመ ደራሲ የጻፈውን መጨረሻ አንዲት ደብተር ያዥ ለወጠችው።

ፊልሙ ግን እንከን የለበትም አንልም። ጥቁሯን ኮሎኔል ሆና የተጫወተችው ማሪያ ኤሌና ማርኬስ ጥቁር አልነበረችም፤ ፊቷን ቀለም ተቀብታ ነው የሠራችው። የጥቁር ሕዝብን ክብር ለማሳየት የተነሣ ፊልም ለጥቁር ተዋናይት ቦታ አለመስጠቱ ዛሬ ዓይን የሚቆረቁር ነገር ነው። በዘመኑ የተለመደ ነበር ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እኛ ግን አይተን ማለፍን እንጂ ሳናይ ማለፍን አንመርጥም። በር የተዘጋበት ሰውም ሳያውቀው በሌላው ላይ በር ሊዘጋ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ሦስተኛው በ1951 የወጣው «ትሮታካዬስ» ነው፤ ጎዳና ለጎዳና የምትዞር ሴት ማለት ነው። ሁለት እኅትማማቾች አሉ። አንደኛዋ ሀብታም አግብታ በቪላ ትኖራለች። ሁለተኛዋ በጎዳና ገላዋን ትሸጣለች። አንዱ አጭበርባሪ ወንድ ሁለቱንም ይጫወትባቸዋል። የዘመኑ ፊልም ሁሉ ሴተኛ አዳሪዋን በመብራትና በሙዚቃ ሲያስጌጥ፣ ማቲልዴ ብርዱን፣ ድህነቱንና ፍርሃቱን አሳየች። ጥያቄዋም ከባድ ነበር። ለገንዘብ ብላ ያገባችውና በጎዳና የቆመችው በምን ይለያያሉ? ፈራጁስ ማነው?

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስታውስ። የሜክሲኮ ሴቶች በአገር አቀፍ ምርጫ የመምረጥና የመመረጥ መብት ያገኙት በ1953 ነው። እንግዲህ ማቲልዴ ሦስቱን ፊልሞች ስትመራ ፕሬዚዳንቷን የመምረጥ መብት እንኳ አልነበራትም።

የተነጠቀው ድርሰት

አራተኛው ፊልሟ ስለ ሕፃናት ፍርድ ቤት፣ በከተማ ጎዳና ስለ ወደቁ ልጆች ሊሆን ነበር። ድርሰቱን ከወንድሟ ጋር አዘጋጀች። በዚያ ጊዜ ለፊልም ገንዘብ የሚያበድረው መንግሥት የያዘው የፊልም ባንክ ነበር፤ ባንኩ ካልፈቀደ ካሜራ አይንቀሳቀስም። እሷ እንደተናገረችው ድርሰቱ ተወደደ፤ እሷ ግን አልተፈለገችም። ታሪኩ «የሕይወት ጎዳና» የሚል ትርጉም ባለው ስም፣ አልፎንሶ ኮሮና ብሌክ በተባለ ዲሬክተር እጅ በ1956 ፊልም ሆነ። በ1957 ኤሪየል የተባለውን የሜክሲኮን ከፍተኛ የፊልም ሽልማት በዓመቱ ምርጥ ፊልምነት አገኘ።

ሴት አወቀች፤ በወንድም አለቀ። ተረቱ ትክክል ነበር ማለት ነውን? አይደለም። እስቲ እጆቹን እንቁጠራቸው። ማኅበሩ የዕድገቱን በር ያዘ፤ የሲኒማ ቤት ባለቤቶች የመታያውን ሰዓትና አዳራሽ ያዙ፤ ባንኩ ገንዘቡን ያዘ። በወንድ ያለቀው ዕውቀቷ አልነበረም፤ ዕውቀቷ እስከ መጨረሻው አብሯት ነበር። በወንድ እጅ የነበረው ቁልፉ ነው። ቁልፍ ደግሞ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ ከአንድ ኪስ ወጥቶ ወደ ሌላ ኪስ ሊገባ ይችላል።

ማቲልዴ አንድ ነገር ግን አላስነጠቀችም፤ ስሟን። ተከራክራ ስሟ በደራሲነት እንዲሰፍር አደረገች፤ የድርሰቱም ኤሪየል ለእሷና ለወንድሟ ተሰጠ። ሽልማቱን በእጇ ይዛ ሌላ ፊልም የመምራት ዕድል ግን አላገኘችም። ለአሜሪካ ቴሌቪዥን የሚታይ «ሃውዲ ዱዲ» የተባለ የልጆች የአሻንጉሊት ትርዒት እያዘጋጀች ከመቶ በላይ አጫጭር ክፍሎች ሠራች፤ የድርሰት ጽሑፍም አስተማረች። አንድ ትውልድ ሙሉ ስሟን ሳያውቅ አደገ።

ከመጋዘን የወጣችው ኮሎኔል

በ1975 የተባበሩት መንግሥታት የመጀመሪያውን የዓለም ሴቶች ጉባኤ በሜክሲኮ ከተማ አካሄደ። ዓመቱም የሴቶች ዓመት ተብሎ ተሰየመ። በዚያን ጊዜ የሴቶችን የፊልም ሥራ ለማሳየት የተነሡ ሰዎች «ላ ኔግራ አንጉስቲያስ»ን ከተረሳበት አውጥተው ለሕዝብ አሳዩት። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ኮሎኔሏ በነጭ መጋረጃ ላይ ፈረሷን አስነሣች። ተመልካቹ ይህን የሠራችው ማናት ብሎ ጠየቀ። ጠያቂው ትውልድ ተወልዶ ነበርና መልሱም ተገኘ፤ ባለቤቲቱ በዚያችው ከተማ በሕይወት ነበረች። ከዚያ በኋላ ፊልሞቿ ከአገር ውጭም ታዩ፤ ወጣት ሴት ዲሬክተሮችም እንደ እናት አከበሯት።

በ1991፣ ከ«ትሮታካዬስ» አርባ ዓመት በኋላ፣ ሰባ አምስትን ያለፈችው ማቲልዴ አራተኛውንና የመጨረሻውን ረጅም ፊልሟን መራች። «ኖክቱርኖ ኣ ሮሳርዮ» ይባላል። ማኑኤል አኩኛ የተባለ የሃያ አራት ዓመት ገጣሚ በ1873 ራሱን ገደለ፤ አገሬውም ጥፋቱን ሁሉ በወደዳት በሮሳርዮ ላይ ደፈደፈው። ሮሳርዮ ከዚያ በኋላ ሃምሳ ዓመት በዚያ ሐሜት ሥር ኖራለች። አሮጊቷ ዲሬክተር ዳግመኛ ካሜራ ስታገኝ የመረጠችው የዚህችን ሴት ታሪክ መሆኑ አያስደንቅም። ማቲልዴ ላንዴታ በጥር 1999 ዐረፈች።

ለእኛ ምን ይላል?

አራት ረጅም ፊልም ለአንድ ዕድሜ ጥቂት ነው። ያልተሠሩት ፊልሞች ስንት እንደሆኑ ማንም ሊቆጥራቸው አይችልም፤ በታሪኳ ውስጥ የማይጠገነው ጉዳት ይህ ነው። በ1975 የተደረገላት አክብሮት በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ዕድሜዋ የተነጠቀችውን ጉልበት አልመለሰላትም። ስለዚህ «መልካም ሥራ ተደብቆ አይቀርም» ብለን ራሳችንን አንሸንግል። ብዙ መልካም ሥራ ተደብቆ ቀርቷል። የእሷ የተገኘው ሦስት ነገር በመሟላቱ ነው። ፊልሙ አልጠፋም፤ ስሟ ላዩ ላይ ነበር፤ የሚጠይቅ ሰውም መጣ።

ውድ አንባቢያን፤ ከዚህ ሦስት ትንንሽ ምክር እናገኛለን። የጻፈ ስሙን ይጻፍ፤ የጻፈችም ስሟን ትጻፍ። የተጻፈው በአንድ እጅ ብቻ አይቅር፤ ገልብጠን ሁለት ሦስት ቦታ እናስቀምጠው። በመካከላችን ደብተር የምትይዝ፣ የሌላውን ቃል የምትገለብጥ እኅት ካለችም፣ እሷ ራሷ ምን እንደምትል እንጠይቃት። ምናልባት ሌሎቻችን የጨረስነውን ታሪክ መጨረሻውን የምትለውጠው እሷ ትሆናለች።

ተረቱንም በዚሁ እናርመው። ሴት ብታውቅ በወንድ የሚያልቀው ቁልፉ በአንድ ወገን ኪስ እስካለ ድረስ ብቻ ነው።